በምስል የሚታዘዝ ሮቦት

ሌጎ ማይንድስቶርምስ ኤንኤክስቲ
ዴንማርክ፣ እ.ኤ.አ. 2006
ፕላስቲክ፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ሞተሮችና ሴንሰሮች

ግራጫና ነጩ ሣጥን የሮቦቱ አንጎል ነው። ለሞተሮች 3፣ ንክኪን፣ ብርሃንን፣ ድምፅንና ርቀትን ለሚለዩ ሴንሰሮች 4 መሰኪያዎች አሉት።

ፕሮግራሙ በጽሑፍ ሳይሆን በምስል ይሠራል። ሶፍትዌሩ የተገነባው ናሽናል ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው፣ ላብቪው በተባለ የምስል ፕሮግራም መሥሪያ ላይ ነው። ተማሪው የትእዛዝ ምስሎችን በማውስ እየጎተተ ይደረድራል።

ኮምፒውተሩ ግን ሮቦቱን በራሱ አያውቀውም። ሁለቱን የሚያግባባው «ፋንቶም» የተሰኘው የድራይቨር ላይብረሪ ነው። የተደረደሩት ምስሎች ሣጥኑ ወደሚረዳው ኮድ ይለወጣሉ፤ ፋንቶም ኮዱን በዩኤስቢ ገመድ ወይም በብሉቱዝ ያደርሳል። ከዚያ ገመዱ ቢነቀልም ሮቦቱ ብቻውን ይሄዳል።

ሶፍትዌሩና ድራይቨሩ አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሥራው አይቆምምና፣ ይህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ላለ የመቱ፣ የጎሬም ሆነ የበደሌ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው።

ሌጎ የማይንድስቶርምስን ምርት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አቋርጧል። ሆኖም አርዱይኖ የተባለው ዋጋው ዝቅ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድም በምስል ፕሮግራም ሊታዘዝ ይችላል።