አንድ ሺህ ፓውንድ እና የእናቶች ትዝታ

የሕፃናት የደም ካንሰር ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ ማን ገንዘብ አወጣ ብላችሁ ወደ ኋላ ብትሄዱ፣ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ሐዘንተኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1931 ሜሄርባይ ታታ የምትባል ሕንዳዊት በደም ካንሰር ሞተች። ባሏ ሰር ዶራብጂ ታታ (ስሙን ከጭነት መኪና ታውቁት ይሆናል) በዓመቱ ለዚሁ በሽታ ምርምር የሚውል ገንዘብ በስሟ አቆመ። ብዙም ሳይቆይ እሱም ሞተ።

ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ከዚያ ገንዘብ 1,000 ፓውንድ ኦክስፎርድ ላለች አሊስ ስቲዋርት ለተባለች ሐኪም ደረሰ። እንግሊዝ ውስጥ በደም ካንሰር የሚሞቱ ሕፃናት እየበዙ ነበር፤ በተለይ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉት። ሐኪሟ ያሰበችው ቀላል ነገር ነው፤ ሐኪሞች የረሱትን እናቶች ያስታውሱ ይሆናል። ቅጽ አዘጋጅታ በየአውራጃው ላሉ የጤና ኃላፊዎች ላከች። ልጅ የሞተባቸውም፣ ልጃቸው ደህና የሆነላቸውም እናቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ተጠየቁ። መልሱ ሲሰበሰብ፣ በእርግዝና ጊዜ ሆዳቸውን ራጅ በተነሱ እናቶች ልጆች ላይ አደጋው ወደ እጥፍ ተጠግቶ ተገኘ። የመጀመሪያው ውጤት በ1956፣ ሙሉው በ1958 ታተመ።

ማን ይስማት! የእናት ትዝታ ማስረጃ ይሆናል ወይ ተባለ። ሲጋራን ከሳንባ ካንሰር ጋር ያገናኘው ሪቻርድ ዶል እንኳ በ1960 ባወጣው ጥናት ግንኙነቱን አላገኘውም። በ1962 ግን የሃርቫርዱ ብራያን ማክማሆን ትዝታን ትቶ የሆስፒታል መዝገብ አገላበጠ፤ እሱም ራጁን አገኘው።

የእኛም አገር ታሪክ ከሐዘን ነው የሚነሳው። ማቲዎስ ወንዱ በደም ካንሰር ያረፈው ገና በ4 ዓመቱ ነው። አባቱ አቶ ወንዱ በቀለ በ1990ዎቹ አጋማሽ በልጃቸው ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። እንዲህ ያለ ማኅበር የሚያገኘው ገንዘብ ቅድሚያ ለመድኃኒት፣ ለማረፊያ፣ ለትራንስፖርት ይውላል። ከቡሬ ተነስቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በኋላ ልጁን ታቅፎ ጥቁር አንበሳ ደጅ ለቆመ ገበሬ የመንስኤ ጥናት ቅንጦት ነው። በዚህ ማንም ላይ አልፈርድም።

ጥያቄው ግን እኛን ይፈልጋል። እንግሊዛዊው ሜል ግሪቭስ በብዛት ስለሚታየው ዓይነት ሲያስረዳ፣ በሽታው በሁለት እርምጃ ይመጣል ይላል። አንደኛው ማሕፀን ውስጥ ይጀምራል፤ ሁለተኛው የሚቀሰቀሰው በመጀመሪያ ዓመቱ ከተሕዋስያን ጋር ሳይላመድ የቆየ ልጅ በኋላ ኢንፌክሽን ሲይዘው ነው። እንደዚህ ከሆነ፣ ከወንድም እህቶቹ ጋር በአንድ መደብ የሚያድር፣ ከጥጃ ጋር የሚውል የፍኖተ ሰላም ገጠር ልጅ የተሻለ ይጠበቃል ማለት ነው። ይጠበቃል? ወይስ ሳይታወቅለት ነው የሚሞተው? ትኩሳት፣ የደም ማነስ፣ ያበጠ ጣፊያ ሲያይ የቆላ ሰው ወባ ነው ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቱን ነው።

ይህን ለመለየት መቁጠር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የሚቆጥረው የከተማዋን ነዋሪ ነው። የጃቢ ጠህናን ልጅ አዲስ አበባ መጥቶ ቢታከም እንኳ እዚያ ስሌት ውስጥ አይገባም።

ስቲዋርት የጤና ኃላፊዎች ነበሯት፤ እኛ ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። የታመመው ልጅ በደም ምርመራ ከተለየ በኋላ እናቱንና የጎረቤቱን እናት መጠየቅ ይችላሉ። ጥያቄዎቹ ግን የኦክስፎርድ አይሆኑም። የፀረ ተባይ ኬሚካልን ከሕፃናት የደም ካንሰር ጋር ያያያዙ ጥናቶች በሌላው ዓለም አሉ፤ ምዕራብ ጎጃም ደግሞ የበቆሎ አገር ነው። ተምቹ የመጣ ጊዜ ምን ረጫችሁ? ማን ረጨ? ያኔ ነፍሰ ጡር ነበርሽ? ባዶውን ጀሪካንስ ለምን ተጠቀማችሁበት?