«ተስፋ ግብ»፦ ስለ አንድ አዲስ የኳስ ቃልና ስለ አማርኛ ፍቺው

የጓሳን ውርጫም ደጋ ለማየት ወደ መንዝ የወጣ እንግዳ ከሚያድርባቸው ከተሞች አንደኛዋ መሐል ሜዳ የምትባል ስለሆነች፣ የኳስ ጨዋታን በራዲዮ እየሰማ ያደገ ሰው ስሟን በሰማ ቁጥር «ኳሱ አሁን መሐል ሜዳ ላይ ነው» የሚለው የተራኪው ድምፅ በጆሮው ሳያቃጭልበት አይቀርም። እኔ ግን ጓሳን ከኳስ ጋር ያገናኘሁት በዚህ የስም መገጣጠም ሳይሆን በቀይ ቀበሮ ምክንያት ነው።

የመንዝ ባላገር ወደ 400 ዓመት ለሚጠጋ ዘመን በአባቶቹ ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ፣ ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ እያጨደ ጠብቆ ባቆየው በዚህ ምድር፣ የጭላዳንና የቀይ ቀበሮን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ቀበሮው አይጥ ለመያዝ ያደረገውን ሙከራ አንድ በአንድ እየጻፉ ቆጥረው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67 ያህሉ እንደሚሰምርለት፣ ከመንጋው ተለይቶ ሲያድን ግን የሚሳካለት 25 ያህሉ ብቻ እንደ ሆነ ገልጠዋል። ቀበሮው ያው ቀበሮ፣ አይጡም ያው አይጥ ነው፤ የተለየው ሙከራው የተደረገበት ስፍራና ሁኔታ ነው። እንግዲህ የቀበሮውን ችሎታ ለመመዘን የሚሻ ሰው ስንት ጊዜ ዘለለ ብሎ ብቻ ቢጠይቅ ይስታል፤ ወዴት ሆኖ ዘለለ ብሎም ሊጠይቅ ይገባዋል።

እንግሊዞች «ኤክስፔክትድ ጎልስ» ብለው የሰየሙት፣ ዛሬ በየቴሌቪዥኑ ከውጤቱ ጎን ተጽፎ የምናየው አኃዝ፣ ይህንኑ ጥያቄ ለእግር ኳስ የሚያቀርብ ነው። አሠራሩ ከስሙ ይልቅ ቀላል ነው። ቀድሞ በተደረጉ ጨዋታዎች የተሞከሩ እልፍ አእላፋት ኳሶች ተመዝግበው፣ እያንዳንዱ ከምን ያህል ርቀትና ከየትኛው ማዕዘን እንደ ተመታ፣ በእግር ወይስ በግንባር እንደ ሆነ፣ በምን ዓይነት ቅብብል እንደ ተገኘ ይለያል፤ ከዚያም ዛሬ የተሞከረው ኳስ ከነዚያ ከየትኞቹ ጋር እንደሚመሳሰል ታይቶ፣ የመሰሎቹ ከመቶ ስንት እጅ ግብ እንደ ሆነ ሚዛን ይሰጠዋል። ፍፁም ቅጣት ምት ከ100 ወደ 76 ያህሉ ስለሚገባ ሚዛኑ 0.76 ገደማ ነው። ከሩቅ የተለጋው ኳስ፣ ተመልካቹን ምንም ያህል ከመቀመጫው ቢያስነሣው፣ ከ100 አምስት እንኳ ላይሞላ ይችላል። የአንድ ቡድን ሙከራዎች ሚዛን ሲደመር የዚያ ቀን ሒሳቡ ይወጣል፤ ከሩቅ አሥር ጊዜ የሞከረ ቡድንና አንድ ፍፁም ቅጣት ምት ያገኘ ቡድን ቢገጥሙ፣ በሙከራ ብዛት ፊተኛው፣ በሚዛን ግን ኋለኛው ሊበልጥ ይችላል።

ስሙ አዲስ ቢሆንም ቆጠራው አዲስ አይደለም። ቻርልስ ሪፕ የሚባል የእንግሊዝ አየር ኃይል የሒሳብ ሹም ማርች 18 ቀን 1950 እ.ኤ.አ. የስዊንደንን ቡድን ጨዋታ ሲመለከት እርሳስና ደብተር አውጥቶ እያንዳንዱን ቅብብል መጻፍ ጀመረ፤ ከዚያም በኋላ ዕድሜውን ሁሉ አልተወውም። ከአሥር ሙከራ አንዱ ያህል ግብ እንደሚሆን ያሳየ ትጉህ ሰው ነበር። ነገር ግን አብዛኞቹ ግቦች ከሦስት በማይበልጥ ቅብብል የተገኙ መሆናቸውን አይቶ፣ ኳስን በረጅሙ ወደ ፊት መለጋት ይሻላል ብሎ ፈረደ፤ ከሽፈው የቀሩት ጥቃቶችም አብዛኞቹ እንዲሁ በአጭር ቅብብል የተደረጉ መሆናቸውን በፍርዱ ውስጥ አላስገባውም። በኔ አስተያየት ይህ ስሕተቱ ከትጋቱ ይልቅ ያስተምራል፤ ቆጠራው ትክክል ሆኖ ሳለ ፍቺው ሊጣመም እንደሚችል ያሳያልና።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። ቀጥታ ትርጓሜው «የሚጠበቅ ግብ» ይሆናል፤ ሲያጥርም «ተጠባቂ ግብ»። ዳሩ ግን የስፖርት ጸሐፊዎቻችን «ተጠባቂ» የሚሉት ሕዝቡ በጉጉት የሚጠብቀውን ታላቅ ጨዋታ ነው፤ አንዲት ፊደል ሲጨመርበት ደግሞ «ተጠባባቂ» ሆኖ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ተጫዋች ያስነሣል። «ግምታዊ ግብ» ቢባል ዳኛው በግምት ያጸደቀው ይመስላል። እኔ የመረጥሁት «ተስፋ ግብ» የሚለውን ነው። ተስፋ «ተሰፈወ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ምክንያት ያለውን መጠበቅ እንጂ ባዶ ምኞትን አያመለክትም፤ ዘርፉም ተስፋ ማርያም፣ ተስፋ ጽዮን እንደምንለው ያለ «የ» ስለሚገጥም ለአፍም ይቀላል። «ግብ» ራሱ በግዕዝ ጉድጓድ ማለት ነው፤ ነቢዩ ዳንኤል የተጣለበት ግበ አናብስት ተብሏልና፣ በረኛ ሆኖ ያደገ ሰው ይህን ቢሰማ ሳይስማማ አይቀርም።

ቃሉን በራሳችን ታሪክ እንፈትነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ግብጽን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአፍሪካን ዋንጫ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ልክ በ51 ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ቡድናችን ከ31 ዓመት መቅረት በኋላ ወደዚያው ውድድር ተመልሶ በደቡብ አፍሪካ ከባለ ዋንጫዋ ከዛምቢያ ጋር ገጠመ። ሳላዲን ሰኢድ የመታውን ፍፁም ቅጣት ምት በረኛው ኬኔዲ ምዊኔ አዳነው፤ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ኮሊንስ ምቤሱማ አገባብን፤ ዐሥር ሆነን አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ውጤቱን ብቻ የሚጽፍ መዝገብ 1 ለ 1 ብሎ ይዘጋል። ተስፋ ግብ የሚጽፍ መዝገብ ግን ከዚያች ከዳነችው ኳስ ብቻ 0.76 ያህል በስማችን ያስቀምጣል። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን፣ በሦስት ጨዋታ 1 አግብተን 7 ተቆጥሮብን ተመለስን። የናይጄሪያ ሁለት ግቦች ሁለቱም ፍፁም ቅጣት ምት ስለ ነበሩ፣ ከሁለቱ የሚመዘገብላቸው 1.52 ገደማ ነው፤ የጥፋቱም ምርመራ አማካዩ ኳስ እንዴት እንዳቀበለ ከመጠየቅ አስቀድሞ፣ ተከላካዩና በረኛው በፍፁም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ እንዴት እንደ ቆሙ ሊጠይቅ በተገባው ነበር።

በአነጋገር «ቡድኑ አንድ ግብ አገባ፤ ተስፋ ግቡ ግን ሁለት ነጥብ አንድ ነበር» ይባላል። ሚዛኑ መቺው ማን እንደ ሆነ ስለማያውቅ፣ ለጀማሪውም ለሊቁም አንድ ዋጋ ይሰጣል፤ ስለዚህ በአንድ ጨዋታ አሠልጣኝን ለማባረርም ሆነ ለማሞገስ አይበቃም፣ የአንድ ዓመት ውድድር ሲደማመር ግን ይናገራል። በጓሳም አንድ ቀበሮ አንድ ጧት ከጭላዳው መንጋ መካከል ባዶ አፉን ሲወጣ ያየ ተመራማሪ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ወደሚቀጥለው ሙከራ ይሻገራል።