ስለ ቍጥር ሰንጠረዥ አነባበብ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ስለ እህል የተነገረ ቢሆንም፣ በፈተና አዳራሽ ለተቀመጠ ተማሪም የሚስማማ ነው። ሰዓት እየተቈጠረበት ያለ ተማሪ በጥያቄው ራስ ላይ የቍጥር ሰንጠረዥ ባየ ጊዜ፣ ዓይኑ ወዲያውኑ የሚሮጠው ወደ ትልቁ ቍጥር ወይም በግርጌ ወዳለው ድምር ነው። ርእሱንና በየዓምዱ አናት የተጻፈውን ቃል ማንበብ ግን ጊዜ ማጥፋት ይመስለዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚህ ስሕተት ንጹሕ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ ስለ እህል ምርት በቀረበልኝ ጥያቄ መደመሩንም ማባዛቱንም አሳምሬ ሠርቼ ነበር፤ ነገር ግን በዓምዱ አናት በደቃቅ ፊደል «በሺህ ኩንታል» የሚል መጻፉን ሳላይ አለፍሁ። የሚያስገርመው፣ ያገኘሁት የተሳሳተ ቍጥር ከአራቱ ምርጫዎች አንዱ ሆኖ መገኘቱ ነው። ፈታኙ የችኩል ዓይን ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቅ ነበርና። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ሥራ ላይ ሆኜ ይኸው ስሕተት በሪፖርት ውስጥ ሲደገም አይቻለሁ፤ እዚያ ግን የሚጐድለው ነጥብ ሳይሆን ለሰው የተመደበው እህል ነው። ስለዚህ ሰንጠረዥን በሚገባ ማንበብ እንዴት እንደ ተጀመረ ከታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ዘመኖቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ ከ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ የሟቾችን ቍጥር የሚያስታውቅ ወረቀት በየሳምንቱ ይወጣ ነበር። በየአጥቢያው ስንት ሰው እንደ ተቀበረና ስንት ሕፃን ክርስትና እንደ ተነሣ፣ በኋላም እያንዳንዱ በምን በሽታ እንደ ሞተ ይዘረዝራል። ዋናው ጥቅም ቸነፈር መግባቱን ለማወቅ ነበር። ሕዝቡም ወረቀቱን ገዝቶ ግርጌውን ብቻ ያይና የሟቹ ቍጥር ጨመረ ወይም ቀነሰ እያለ ሲጨዋወትበት ይሰነብታል፤ ከዚያም ይጥለዋል።

ጆን ግራውንት የተባለው የሎንዶን ነጋዴ ግን ወረቀቶቹን አልጣላቸውም። ይህ ሰው ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሊቅ አልነበረም፤ ችሎታው በሱቅ ሒሳብ የተገኘ ነበር። የብዙ ዓመታት ወረቀቶችን ሰብስቦ፣ በየዓመቱና በየበሽታው ደልድሎ፣ በ1662 ዓ.ም. የምርምሩን ውጤት በመጽሐፍ አሳተመ። ያነበበበት ሥርዓት ዛሬም ለተማሪ የሚጠቅም ስለሆነ በተራ እንመልከተው።

በመጀመሪያ የጠየቀው ቍጥሩ ስንት መሆኑን ሳይሆን ማን እንደ ቈጠረው ነው። የሞቱን ምክንያት የሚመረምሩት ለዚህ ሥራ የማሉ አሮጊቶች ነበሩ። በቂጥኝ የሞተ ሰው ቤተሰብ ነውሩን ለመሸፈን ሲል መጠጥና ጥቂት ገንዘብ ቢሰጣቸው፣ ሟቹ በሚያከሳ በሽታ እንደ ሞተ አድርገው ይናገሩ እንደ ነበር ግራውንት ጽፎአል። ስለዚህ በዓምዱ አናት የተጻፈው ስምና በዓምዱ ውስጥ ያለው ነገር ሁልጊዜ አንድ አለመሆኑን ተረዳ።

ሁለተኛም፣ አንዱን ቍጥር ከጐረቤቱ ጋራ አስተያየ። ቸነፈር በገባበት በ1625 ዓ.ም. 54,265 ሰዎች ተቀብረው ነበር፤ ከእነዚህም በቸነፈር ሞቱ የተባሉት 35,417 ናቸው። የቀሩት 18,848 በሌላ በሽታ እንደ ሞቱ ተመዘገበ። ነገር ግን ከዚያ ዓመት በፊትና በኋላ በሌላ በሽታ የሚሞተው በዓመት ከ7 እስከ 8 ሺህ ብቻ ነበር። እንግዲህ ወደ 11 ሺህ የሚሆኑት ትርፍ ሟቾች ከየት መጡ? ግራውንት እነዚህም የቸነፈር ሟቾች መሆናቸውንና በሌላ በሽታ ስም መሸፈናቸውን አመለከተ። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ይህን ሊያገኘው አይችልም ነበር።

ሦስተኛም፣ ከ100 ሕፃናት ስንቱ እስከ ስንት ዓመት እንደሚቈዩ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አዘጋጀ። ከ100ው በ6 ዓመት 64፣ በ16 ዓመት 40፣ በ26 ዓመት 25፣ በ36 ዓመት 16 በሕይወት ይገኛሉ ይላል። ወረቀቶቹ የሟቹን ዕድሜ ስለማይጽፉ ይህ በግምት የተሠራ ነበር፤ በተመዘገበ ዕድሜ ላይ የተመሠረተ ሰንጠረዥ ኤድመንድ ሃሊ በብሬስላው ከተማ መዝገብ ረዳትነት በ1693 ዓ.ም. አወጣ። ቢሆንም የግራውንት ሰንጠረዥ ለልምምድ እጅግ የተመቸ ነው።

ይህን ሰንጠረዥ ለተማሪ አቅርበን፣ «ከ6 እስከ 16 ዓመት ባለው ጊዜ ስንት ሞቱ?» ብለን ብንጠይቅ፣ ችኩሉ 40 ይላል። 40 ግን የቀሩት ናቸው እንጂ የሞቱት አይደሉም፤ መልሱ ከ64 ላይ 40 ሲቀነስ የሚገኘው 24 ነው። ቀጥለንም፣ «የመሞት አደጋ ከመጀመሪያው ጊዜ ይልቅ ቀነሰን?» ብንል፣ በመጀመሪያው 36፣ በሁለተኛው 24 ስለ ሞቱ፣ ብዙዎች «አዎን» ይላሉ። ነገር ግን 36ቱ የሞቱት ከ100 መካከል ሲሆን፣ 24ቱ የሞቱት ከ64 መካከል ነው። የፊተኛው በመቶ 36፣ የኋለኛው በመቶ 37.5 ይሆናል። አደጋው አልቀነሰም። «በመቶ» የሚል ቃል ባየን ቍጥር «ከየትኛው መቶ?» ብለን መጠየቅ የሚገባን ስለዚህ ነው።

ግርጌን ብቻ የማየት ልማድ ከግራውንት ዘመን ጋራ አልቀረም። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ በ1973 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት ካመለከቱት 8,442 ወንዶች በመቶ 44፣ ከ4,321 ሴቶች በመቶ 35 ያህሉ ተቀባይነት አገኙ። ድምሩን ያየ ሁሉ ሴቶች ተበድለዋል ማለቱ አይቀርም። በ1975 ዓ.ም. የታተመው ምርመራ ግን ሰንጠረዡን በየክፍሉ ዘርዝሮ ሲመለከት ነገሩ ተለወጠ። ከትልልቆቹ ክፍሎች በአንዱ ከ825 ወንዶች በመቶ 62 ሲያልፉ፣ ከ108 ሴቶች ያለፉት በመቶ 82 ነበሩ። ሴቶቹ በብዛት ያመለከቱት ጥቂት ሰው ብቻ ወደሚቀበሉ ክፍሎች ስለ ነበር ድምሩ ዝቅ አለ። ይህ ማለት በደል በየትም ስፍራ የለም ማለት አይደለም፤ ሴቶቹ ስለ ምን ወደ እነዚያ ክፍሎች እንዳዘነበሉ መጠየቅም ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥያቄውን በትክክለኛው ስፍራ ለማቅረብ የሚቻለው ረድፉን ላነበበ ሰው ብቻ ነው።

የሠሩትን መልሶ መመርመርም ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንቶቻችን የየዓመቱን አበቅቴና መጥቅዕ ሲያወጡ፣ ሁለቱ ተደምረው ምን ጊዜም 30 እንደሚሆኑ ያውቃሉ። አበቅቴው 11 ከሆነ መጥቅዑ 19 ነው፤ ድምሩ 30 ካልመጣ ጸሐፊው ወይም አንባቢው ተሳስቶአል። ይህን ለማረጋገጥ የሚጠፋው ጊዜ አንድ ጊዜ እስትንፋስ ከመሳብ አይበልጥም።

እንግዲህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሊያስለምዱ የሚገባው የእጅ ፍጥነትን ሳይሆን የንባብ ተራን ነው። በመጀመሪያ ጥያቄውን፤ ቀጥሎ ርእሱንና የዓምዱን ስም፤ ከዚያ መለኪያውን፣ ማለት በሺህ ወይም በመቶ መሆኑን፤ ቀጥሎም የሚፈለገውን ረድፍ ከጐረቤቱ ጋራ፤ ድምሩን በመጨረሻ። ይህን ተራ የለመደ ተማሪ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለማያርም፣ ከችኩሉ ቀድሞ ይጨርሳል።

በመሥሪያ ቤት ላለነው ደግሞ ጊዜው ከፈተና አዳራሽ ይሰፋል፤ ስለዚህ ምክንያታችን ያንሳል። በ1625 ዓ.ም. በሎንዶን ወረቀት ላይ በሌላ ስም የተጻፉት 11 ሺህ ሰዎች እውነተኛው ምክንያት እስኪታወቅላቸው ድረስ 37 ዓመት ጠብቀዋል። ቍጥሮቹ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን በወረቀቱ ላይ ነበሩ።