ጓያ፦ የአንድ ጥራጥሬና የአንድ በሽታ ታሪክ

ጓያ በጣና ዙሪያ ባሉት ደንቢያና ፎገራ፣ እንዲሁም በወሎና በሸዋ፣ መረሬ ወይም ዋልካ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሚዘራ፣ ውሃ ሲተኛበትም ሆነ ዝናብ ሲጠፋ የሚጸና ጥራጥሬ ነው። ጤፉና ስንዴው፣ ባቄላውና አተሩ በድርቅ በጠፉበት ዓመት ማሳ ላይ ተርፎ የሚገኘው እርሱ በመሆኑ የድሃ ገበሬ የመጨረሻ መጠጊያ ሆኖ ኖሯል፤ ያለ ሌላ እህል ለወራት ሲበላ ግን እግርን ያሽመደምዳል። በሕክምና ላቲሪዝም የሚባለው ይህ በሽታ የእግርን እንቅስቃሴ የሚያዝዙትን ነርቮች የሚጎዳ ሲሆን፣ የተያዘው ሰው እግሩ እየተገተረ መጀመሪያ በአንድ፣ ከዚያም በሁለት ምርኩዝ ይሄዳል፤ የከፋበት ደግሞ በእጁ ይድሃል።

ጉዳቱ በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። በጀርመን የቩርተምበርግ መስፍን በ1671 (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጓያ ለዳቦ እንዳይውል ከልክሎ ነበር፤ ሕንድም በ1961 ለምግብነት እንዳይሸጥ አግዳለች፣ ምንም እንኳ እገዳውን ያልተገበሩ ግዛቶች ቢኖሩም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942 እና 1943፣ ቫፕኒያርካ በተባለ የእስረኞች ካምፕ የታጎሩ አይሁዶች ጓያ እየተቀለቡ በመቶዎች የሚቆጠሩት ሲሽመደመዱ፣ መንሥኤውን የለየው አብሯቸው የታሰረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነበር። ኦዳፕ የተባለው መርዛም አሚኖ አሲድ ከፍሬው ተለይቶ የታወቀው ግን በ1964፣ በሕንድ ነው።

በኢትዮጵያ በ1970ዎቹ አጋማሽ ደንቢያንና ፎገራን፣ በ1990ዎቹ ደግሞ በወሎ ያለውን ደላንታ ዳውንትን ወረርሽኙ መትቷል፤ በኋለኛው ብቻ ከ2,000 በላይ ሰዎች ተጎድተዋል። ሕዝቡ የጓያን አደጋ ከሐኪሞቹ አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጥንቃቄው ከፊሉ ልክ፣ ከፊሉ ስሕተት ነበር። ጓያ ሲቀቀል ከእንፋሎቱ መሸሽ፣ በማሳው መካከል አለማለፍ፣ በገለባው ላይ አለመተኛት የተለመደ ቢሆንም በሽታው በመብላት እንጂ በመንካት አይመጣም። በአንጻሩ ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፣ መርዙ በውሃ የሚሟሟ በመሆኑ፣ እውነተኛ ጥቅም አለው።

ከሁሉ የሚበልጠውን ትምህርት የሰጠው በደላንታ ዳውንት ወረርሽኝ ላይ ተጠንቶ በ2003 የታተመው ሥራ ነው። ጓያን ጥሬውን፣ ቆልተው ወይም ንፍሮ አድርገው ብቻውን የበሉት ይበልጥ ሲጠቁ፣ ከሲሶ የበለጠ ሌላ እህል ቀላቅለው የተመገቡት፣ እንዲሁም ሽንኩርትና ዝንጅብል ከመሳሰሉት ጋር በወጥ የበሉት የተሻለ ተጠብቀው ተገኝተዋል። ጓያ ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ያንሱታል፤ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ግን እነዚህን ይዘው ስለሚመጡ ሰውነት መርዙን እንዲቋቋም ያግዛሉ ተብሎ ይታመናል። እዚህ ላይ ምግብ ከክኒን በፊት የቆመ መከላከያ መሆኑ በግልጽ ይታያል፤ ችግሩ ግን ሲሶ እህል የሚቀላቅለው ሰው ጎተራው ባዶ ያልሆነ ሰው መሆኑ ነው። እንደ ሕንዱ ያለ ክልከላም ብዙ ያልረዳው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሌላ የሚበላው የሌለውን ሰው ጓያ አትብላ ማለት አትብላ ከማለት አይለይም።

አንድ ጊዜ የተሽመደመደ እግር የሚመለስበት መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለዚህ ድርቅ በጓያ አገር ሲገባ የእርዳታ እህል መድረስ ያለበት ገበሬው ጓያን ብቻውን መብላት ከመጀመሩ በፊት ነው።