ከኬራቶኮነስ ሕክምና በኋላ የሚከሰቱ ችግሮች

ከኬራቶኮነስ ሕክምና በኋላ የሚከሰቱ ችግሮች በዋናነት ክሮስ ሊንኪንግ ወይም የኮርኒያ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ዓይን ላይ የሚደርሱ ጉዳቶች ናቸው። ኮርኒያ የዓይን የፊተኛው ክፍል ሲሆን ብርሃን ወደ ውስጥ የሚያልፍበት ነው፤ በልገሳ ዘመቻዎች የዓይን ብሌን ይባላል። ከችግሮቹ አብዛኞቹ ቶሎ ከታወቁ ይታከማሉ። ከዘገዩ ግን እይታን እስከ መጨረሻው ሊያሳጡ ይችላሉ።

በሽታውና ሕክምናው

ኬራቶኮነስ ኮርኒያ እየሳሳና እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት እየወጣ የሚሄድበት በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ ይጀምራል። ዓይንን አዘውትሮ ማሸት ያባብሰዋል፤ በአለርጂ ምክንያት ዓይናቸው የሚያሳክካቸው ልጆች ይበልጥ ይጋለጣሉ። መጀመሪያ ላይ መነጽር፣ ቀጥሎም ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ እይታን ያስተካክላል። በሽታው እየገፋ ከሄደ በክሮስ ሊንኪንግ እንዲቆም ይደረጋል። ኮርኒያው ጠባሳ ካበጀ ወይም በሌንስ ማየት ካልተቻለ ንቅለ ተከላ ይታሰባል።

ከክሮስ ሊንኪንግ በኋላ

ክሮስ ሊንኪንግ በሪቦፍላቪን (ቫይታሚን ቢ2) ጠብታና በአልትራቫዮሌት ጨረር ኮርኒያን የሚያጠነክር ሕክምና ነው። በሰው ላይ የተገኘው የመጀመሪያ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2003 ከጀርመን ታትሟል። በመደበኛው አሠራር የኮርኒያ የላይኛው ስስ ሽፋን ይነሣል፤ ጠብታው ለ30 ደቂቃ ያህል ከተደረገ በኋላ ጨረሩ ለ30 ደቂቃ ይሰጣል።

ሽፋኑ እስኪድን ባሉት ጥቂት ቀናት ሕመም፣ እንባና ብርሃን መፍራት የተለመዱ ናቸው። ለወራት የሚቆይ ቀላል ጭጋግም ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። አሳሳቢው የረቂቅ ተሕዋስያን ቁስለት ነው፤ ምክንያቱም ሽፋኑ እስኪድን ድረስ ኮርኒያው ያለ መከላከያ ይቆያል። ከ400 ማይክሮን በታች በሳሳ ኮርኒያ ላይ ጨረሩ የውስጠኛውን የሕዋስ ንብርብር ሊጎዳ ስለሚችል አሠራሩ ይለወጣል። በአንዳንድ ታካሚዎች ደግሞ በሽታው ከሕክምናው በኋላም ይቀጥላል።

ከንቅለ ተከላ በኋላ

የመጀመሪያውን የተሳካ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ1905 ኤድዋርድ ዚርም በኦሎሞውትስ ከተማ አከናወነ። ጤነኛ ኮርኒያ የደም ሥር ስለሌለው የሰውነት መከላከያ በቀላሉ አይደርስበትም። የኬራቶኮነስ ታካሚ ኮርኒያም አብዛኛውን ጊዜ የደም ሥር አይበቅልበትም፤ ስለዚህ በንቅለ ተከላ ጥሩ ውጤት ከሚያገኙት መካከል ነው። በትራኮማ ጠባሳ በተጎዳ ዓይን ግን የደም ሥር መብቀል፣ የእንባ ማነስና ወደ ውስጥ የተቀለበሰ ሽፋሽፍት አደጋውን ያባብሳሉ። የአማራ ክልል በዓለም ከፍተኛ የትራኮማ ጫና ካለባቸው አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ ይህ ልዩነት ለክልሉ ትልቅ ትርጉም አለው።

ዋናዎቹ ችግሮች የሚከተሉት ናቸው፦

• የሰውነት አለመቀበል፦ ሰውነት የተተከለውን ኮርኒያ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። ከዓመታት በኋላም ሊከሰት ይችላል። የታካሚው የራሱ ውስጠኛ ንብርብር በቦታው በሚቀርበት ንቅለ ተከላ አደጋው ይቀንሳል።
• የስፌት መላላት፦ የላላ ክር ለቁስለትና ለሰውነት አለመቀበል በር ይከፍታል።
• የኮርኒያ ቅርጽ አለመስተካከል፦ ንቅለ ተከላው ቢሳካም መነጽር ወይም ሌንስ ሊያስፈልግ ይችላል።
• የመድኃኒት ጉዳት፦ የስቴሮይድ ጠብታ የሰውነትን ጥቃት ይከላከላል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ግላኮማና የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሊያመጣ ይችላል።
• የቁስሉ መከፈት፦ የተሰፋው ቦታ እንደ ጤነኛ ዓይን ስለማይጠነክር ኳስ፣ የእንጨት ፍላጭ ወይም የከብት ቀንድ ቢመታው ሊከፈት ይችላል።

ክትትል በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ከለጋሾች ሞት በኋላ የሚሰበሰቡትን ብሌኖች ለንቅለ ተከላ ያቀርባል፤ ለረጅም ጊዜ የንቅለ ተከላው ዋና ማዕከል የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ዳር በመኪና 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከጣና ዳርቻ ቀበሌዎች ለሚነሣ ታካሚ ደግሞ መንገዱ ከዚያም ይረዝማል።

ቀዶ ሕክምናው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ክትትሉ ግን ዓመታት ይፈጃል። ጠብታው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል፣ የዓይን ግፊት ይለካል፣ ስፌቱም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ይወጣል። ሕመም ስለሌለ ብቻ ጠብታውን ማቋረጥ ንቅለ ተከላውን ሊያከሽፈው ይችላል።

የዓይን መቅላት፣ ብርሃን መፍራት፣ የእይታ መቀነስና ሕመም የአደጋ ምልክቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የታየበት ታካሚ የቀጠሮ ቀን ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድበትን አጋጣሚ ሳይጠብቅ በቅርብ ወዳለ የዓይን ሕክምና መሄድ ይኖርበታል፤ ለምሳሌ በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ወይም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ማዕከል። የባህል መድኃኒት ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ ጠብታ ዓይን ውስጥ መጨመር ቁስለትን ሊያባብስ ይችላል። ያለመቀበል ምልክት እንደታየ ጠንካራ የስቴሮይድ ሕክምና ከተጀመረ የተተከለው ኮርኒያ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። የውስጠኛው ንብርብር ሕዋሳት ግን አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ ያኔ ያለው አማራጭ ሌላ ለጋሽ መጠበቅ ነው።