የብረት ቅርፊት፣ የሳሶል ዱቄትና የእኛ ያዩ

ከሳሪስ ወደ አቃቂ ስትወርዱ ፌሮ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሉ። የጋለ ብረት ሲዳመጥ ከላዩ ጥቁር ቅርፊት ይረግፋል። ለእኛ ቆሻሻ ነው። ደቡብ አፍሪካውያን ግን ከዚሁ ዓይነት ቅርፊት ተነስተው ቤንዚን አወጡ።

ታሪኩ የሚጀምረው ጀርመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፍራንዝ ፊሸርና ሃንስ ትሮፕሽ የድንጋይ ከሰልን ወደ ጋዝ ለውጠው፣ ጋዙን በብረትና በኮባልት ላይ በማሳለፍ ፈሳሽ ነዳጅ አገኙ። ብረቱ ካታሊስት ነው፤ ራሱ ነዳጅ ሳይሆን ለውጡን ያፋጥናል። የሂትለር ጦር ሲዋጋ የኖረው በአብዛኛው ከከሰል በተሠራ ነዳጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1944 ፋብሪካዎቹ መደብደብ ሲጀምሩ አውሮፕላኖቹ ቤንዚን አጡ።

ደቡብ አፍሪካ ሳሶልን እ.ኤ.አ. በ1950 አቋቋመች፤ በ1955 ነዳጅ ወጣ። ካታሊስቱን የሠሩት የብረት ፋብሪካ ቅርፊት ከጥቂት ፖታሽየም ጋር አቅልጠው፣ አቀዝቅዘው፣ ፈጭተው ነው። ለምን ፈጩት? ለውጡ የሚካሄደው ብረቱ ገጽ ላይ ብቻ ስለሆነ። ቡና ሳይወቀጥ ብታፈሉት ምን ይወጣዋል? አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ብረት 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ አለው። የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ በሆኑ ኩቦች ቢከፋፈል ገጹ 6 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ 10,000 እጥፍ!

ወደ እኛ እንምጣ። በ2004 ዓ.ም. የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ ለሜቴክ ተሰጠ። ሐሳቡ ከኢሉባቦር ከሰል ዩሪያ ማምረት ነበር። ለዩሪያ የሚያስፈልገው አሞኒያም የሚሠራው በብረት ካታሊስት ነው፤ ከሳሶሉ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ፋብሪካው ሳያልቅ ቆመ። ገበሬው ዛሬም በጅቡቲ የሚመጣ ማዳበሪያ ይጠብቃል።

«እኛም ከከሰል ቤንዚን እንሥራ» እያልኩ አይደለም። ሳሶልን ያሳደገው የአፓርታይድ መንግሥት ገንዘብና የማዕቀብ ፍርሃት ነው። የሰኩንዳው ፋብሪካም በዓለም ላይ ከፍተኛ የካርቦን ጭስ ከሚለቁት አንዱ ነው።

የምለው ሌላ ነው። እኛ ስለ ሀብታችን ስናወራ «ይህን ያህል ሚሊዮን ቶን ከሰል አለን» እንላለን። ከሰሉ መሬት ውስጥ የትም አይሄድም። የጎደለን ቅርፊቱን ፈጭቶ፣ ሞክሮ፣ ከሽፎበት እንደገና የሚሞክር ቤተ ሙከራ ነው። የመሠረት ድንጋይ ከማስቀመጣችን በፊት ዱቄቱን ማን እንደሚሠራው ብንጠይቅስ?