ማደሪያ ያለው መንገድ፦ ከካይሮ እስከ ካዛንቺስ

ዛሬ ረዘም ይላል፤ ቡና ያለው ቡናውን ይዞ ይቀመጥ።

ሰሞኑን ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ፥ አንዱ ከዚሁ፥ አንዷ ከውጭ አገር፥ ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት ጥያቄ ላኩልኝ። "ቲቸር፥ በትንሽ ገንዘብ ግብጽን ዞሮ፥ ከዚያ በየብስ ሱዳንን፥ እኛን፥ ኬንያን እያሉ ወደ ደቡብ መውረድ ይቻላል ይላሉ?"

የቲኬትና የቪዛውን ነገር ለሚያውቁት እተዋለሁ። እኔ የታሪክ ሰው ነኝና በታሪክ ልመልስ። ይቻል ነበር። ለብዙ መቶ ዓመታት ተችሏል፤ ያውም ኪሱ ባዶ በሆነ ሰው። ያስቻለው የተጓዡ ጉልበት ብቻ አይምሰላችሁ። ሲመሽ የሚያሳድረው ቤት ስለነበረ ነው።

"አባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል" እንላለን አይደል? ሰው ግን እንደ አባይ አይችልም። ግንዱን፥ ማለትም ሻንጣውን፥ የሚያሳርፍበት ጥግ ካላገኘ መንገዱ ያልቅበታል። ስለዚህ የአንድ መንገድ ታሪክ ማለት የማደሪያዎቹ ታሪክ ነው። ካይሮ ውስጥ ከነበሩት የእኛ ሰዎች ማደሪያዎች ጀምረን ወደ ሰፈራችን ወደ ቂርቆስና ካዛንቺስ እንምጣ።

መጀመሪያ ወደ ግብጽ የወረዱት እነማን ነበሩ? ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የተነሱ መነኮሳትና ምእመናን ናቸው። በሶና ድርቆሽ ቋጥረው፥ አንዳንዱ በቀይ ባሕር በኩል በሱዋኪን፥ አንዳንዱ በኑቢያ በረሃ አድርገው ዓባይ ዳር ይደርሱና ወንዙን ይዘው ወደ ካይሮ ይወርዱ ነበር። ካይሮ ውስጥ ሐረት ዙዌይላ በሚባለው ሰፈር፥ በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፥ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይኖሩ ነበር። በላይኛው ግብጽ ደግሞ፥ ቅድስት ቤተሰብ በስደቷ ወራት ተቀመጠችበት በሚባለው በደብረ ቁስቋም፥ የእኛ መነኮሳት ለረጅም ዘመን ኖረዋል። ኅዳር 6 ቀን የምናከብረው ቁስቋም፥ እቴጌ ምንትዋብም ጎንደር ላይ ያሠሩትን ደብር የሰየሙበት ቁስቋም፥ ይኸው ነው። ለምእመኑ ቅዱስ ቦታ ነው፤ እግሩ ለቆሰለ ተሳላሚ ደግሞ በቋንቋው "እንደምን አመሸህ" የሚለው ሰው የሚያገኝበት ደጅ ነበር።

እነዚህ ሰዎች መንገዱን በደንብ ያውቁት ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አሌሳንድሮ ዞርዚ የሚባል የቬኒስ ሰው ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት አፍ እየሰማ፥ ከየት ተነስቶ የት ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ መዝግቧል። የዛሬ ወጣት ስልኩ ላይ የሚያየውን ካርታ እነሱ በቃላቸው ይዘውት ነበር ማለት ነው።

ሙስሊም ወገኖቻችንም የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው፤ እንዲያውም ታሪኩ ይበልጥ ይገርማል። በካይሮው አል-አዝሃር መስጊድ ውስጥ ሪዋቅ አል-ጀበርት የሚባል የተማሪዎች ማደሪያ ነበር፤ ጀበርት ከሚባለው ከዘይላና ኢፋት አገርና ከአካባቢው ለሚሄዱ ደረሳዎች የተለየ። ሪዋቅ ማለት አልጋ፥ ዳቦና ትምህርት በአንድ ላይ የሚገኝበት ቦታ ነው፤ ወጪውም በወቅፍ ይሸፈናል። ደረሳው እስከዚያ ለመድረስ ይድከም እንጂ ከደረሰ በኋላ ጎዳና አያድርም።

በዚህ ማደሪያ በኩል ካለፉት አንዱ ከጀበርት ተነስቶ ካይሮ ቀረ፤ ዘሮቹም የሪዋቁ ኃላፊዎች ሆኑ። ከእነሱ የልጅ ልጆች መካከል እ.ኤ.አ. በ1753 ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ተወለደ። ናፖሊዮን በ1798 ግብጽን ሲወርር ያየውን ቀን በቀን የጻፈው፥ ግብጾች ከታላላቅ የታሪክ ጸሐፊዎቻቸው አንዱ የሚሉት ሰው ነው። እስቲ አስቡት! በእንግድነት ገብቶ ዳቦ የተሰጠው ሰው ዘር የአስተናጋጁን አገር ታሪክ ጻፈ። እንግዳ ማሳደር ምን እንደሚያፈራ በዚያው ምሽት አይታወቅም።

በተቃራኒው አቅጣጫ፥ ከግብጽ ወደ እኛም የመጡ አሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1698 ከካይሮ ተነስቶ፥ በዶንጎላና በሰናር አድርጎ፥ ጎንደር አፄ ኢያሱ ዘንድ የደረሰው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ሰባ ዓመት ቆይቶ የመጣው ጄምስ ብሩስ ባለገንዘብ ነበርና እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።

አሁን ወደ ሰፈራችን።

በእኛ ዕድሜ ይህ መንገድ እንደገና ሰው የሞላበት ጊዜ ነበር። ባለ ጀርባ ቦርሳው ወጣት ከካይሮ በባቡር አስዋን ይወርዳል። ከዚያ በናስር ሐይቅ ላይ በሳምንት አንዴ በምትሄደው መርከብ፥ ርካሹን ቲኬት ቆርጦ፥ መርከቧ ወለል ላይ ተኝቶ ዋዲ ሐልፋ ያድራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የየብሱ ኬላ ሲከፈት ደግሞ አውቶቡስም መጣ። ከካርቱም ገዳሪፍ፥ ከገዳሪፍ ጋላባት፥ ድልድዩን በእግር ተሻግሮ መተማ፤ ከዚያ ጎንደር፥ ከዚያ አዲስ አበባ። ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ ኬፕታውን በብስክሌት የሚጓዙትም በእኛ በኩል ያልፉ ነበር።

አዲስ አበባ ሲደርሱ የት ያርፋሉ? ብዙዎቹ ፒያሳ፤ ብዙዎቹ ደግሞ እዚሁ ቂርቆስ ውስጥ፥ ከለገሃር እስከ ካዛንቺስ። ምክንያትም አለው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ጀምሮ የለገሃር አካባቢ የእንግዳ ሰፈር ነው። ካዛንቺስም ከስሙ ጀምሮ የመጤ ሰፈር ነው፦ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ኢንቺስ የተባለው ድርጅት ቤቶች፥ "ካዛ ኢንቺስ" ሲባሉ ቆይተው ካዛንቺስ ሆኑ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 ሲቋቋም፥ አፍሪካ አዳራሽ በ1961 ሲመረቅ፥ ከመላው አፍሪካ የሚመጣ ሰው በዝቶ አካባቢው ተሟሟቀ። ትልልቁ እንግዳ ትልልቁ ሆቴል ገባ። ሹፌሩ፥ ነጋዴው፥ ከክፍለ ሀገር ለጉዳይ የመጣው፥ ባለ ጀርባ ቦርሳውም ከውስጥ ለውስጥ መንገዱ ፔንሲዮን ገባ።

እኔ የማውቃቸው ፔንሲዮኖች አብዛኞቹ በእናቶች የተያዙ ነበሩ። ግቢው ጠባብ፥ ክፍሉ ስድስት ወይ ሰባት፥ ሻወሩ የጋራ። ተማሪዎቼ ፈረንጆቹን እስከ ታክሲ እየሸኙ እንግሊዝኛ ይለማመዱ ነበር። ጠዋት ፍርፍር፥ ማታ ቡና፤ ሒሳቡ ቢጎድል "ስትመለስ ትሰጠኛለህ" የሚሉም ነበሩ። "የእግዜር እንግዳ ነኝ፥ አሳድሩኝ" ሲባል "ቤት የእግዜር ነው" የሚለው የገጠሩ ወግ ከተማ ገብቶ አልጋ አከራየ ማለት ነው።

አሁን ያ መንገድ በሁለት ቦታ ተቆርጧል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ከካርቱም መተማ ያለው መስመር የቱሪስት መሆኑ ቀርቶ የስደተኛ ሆነ። በዚያው ኬላ ሻንጣና ልጅ ይዘው የተሻገሩትን በዜና አይታችኋል። ከፊሎቹም አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ማደሪያ ፈልገዋል። ሁለተኛው እዚሁ ደጃችን ነው፦ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲነሳ፥ ፔንሲዮኖቹም ከነዋሪው ጋር አብረው ተነሱ። መንገዱ ሰፍቷል፥ መብራቱ አምሯል፤ አልክድም። ግን ትንሽ ገንዘብ የያዘ እንግዳ ዛሬ ሲመሽበት እዚያ የት ይግባ?

ስለዚህ ልጆቼ፥ ለጥያቄያችሁ መልሴ ይኸውና። ግብጽን ዙሩ፤ ካይሮ ከገባችሁ አል-አዝሃርንም ሐረት ዙዌይላንም ሳታዩ እንዳትመለሱ፤ የእኛም ሰዎች ቤት ነበር። ከዚያ ግን ለጊዜው በየብስ አትሞክሩ፤ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ ነው። ፖንሴ ዓመት የፈጀበትን በአራት ሰዓት ስታቋርጡ፥ በመስኮቱ ወደ ታች እያያችሁ ሱዳን ላለው ሕዝብ ጸልዩ።

እናንተንም ላስቸግር። የካዛንቺስ፥ የቂርቆስ፥ የለገሃር ልጆች፦ እናታችሁ ወይ አክስታችሁ ፔንሲዮን የነበራት ካላችሁ፥ የቤቱን ስም፥ የት ጋ እንደነበረና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተከፈተ ከታች ጻፉልኝ። የእንግዳ መዝገብ ደብተር ያተረፈ ካለ ደግሞ እባካችሁ እንዳይጣል። የዞርዚን ወረቀት የምናነበው አንድ ሰው ስለመዘገበውና ሳይጣል ስለቆየ ነው። የእነዚህን እናቶች ግን እኛ ካልጻፍነው ማንም አይጽፍልንም።

ሰላም ዋሉ።